መርዶ ያልደረሳቸው አማት

«ጋሽ ከበበ፣ ማንም የለም አልኩዎት እኮ!» አለች ብዙነሽ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች።

የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። «እህቴ፣ አትቆጪ። ነገ ሠልስት ነው። በባልሽ በሣህሌ በኩል መርዶ ያልደረሰው ሰው ካለ ይነገረው ነው የምለው። ኋላ ወቀሳው ለእኛ ነው። አጎት የለው፣ አክስት የለው? ከሰው አልተወለደም እንዴ?»

«ከሰውማ ተወልዷል።»

ዓይኗ ሳታስበው ወደ ጥጉ ሄደ። ትልቁ የሸራ ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ሐዘን ቤት ጌጥ አይታይም ብለው የእድሩ ሴቶች ናቸው አውርደው ያዞሩት።

ጎረቤቷ የማርያምወርቅ ንፍሮ እየዘገነች አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጆሮ ጠጋ አለች። እሷ ስታንሾካሹክ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሙሉ ይሰማል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። ምስኪን ሣህሌ አመድም አልነበረው! በእሱ በኩል ደረቷን የምትመታ አንዲት ሴት እንኳን ትጥፋ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ብዙነሽ ልክ ልኳን ትነግራት ነበር። ለምላስ ማን ያህላታል! ዛሬ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ፎቶውን ሣህሌ ያመጣው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ወሰን ሰፈር ካለው ጋራዥ ፍሬን ሲሠራ ውሎ፣ እጁ ዘይት እንደሆነ፣ መገናኛ ሸራ ላይ ፎቶ ከሚያትሙ ልጆች ተቀብሎ በትከሻው ተሸክሞት ገባ። የጊዮርጊስ ካቴድራል ነው፤ የጥንት ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ። የንግሥ ቀን ሳይሆን አይቀርም፣ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። በሩ ጋ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ይሄን የሚያህል ካቴድራል በዚህች ጎጆ? እኛ ውጭ ልናድር ነው?» አለችው ብዙነሽ።

«እናቴ ናት» አለ፣ ሴትዮዋን በጣቱ እያሳየ።

ብዙነሽ ታሪኩን ታውቀዋለች። ሰባት ዓመቱ ላይ እናቱ እዚያ በር ላይ «እዚህ ጠብቀኝ፣ መጣሁ» ብላው ሕዝቡ መሃል ገባች። ታቦቱ ገባ፣ ሰው ተበተነ፣ እሷ አልመጣችም። ትሙት፣ ትጣለው፣ የሚያውቅ የለም። አንዲት የእንጦጦ ቅጠል ተሸካሚ ናት አንስታ ያሳደገችው።

ልጃቸው ነፃነት ስልኳን ጎርጎር አደረገችና፣ «አባዬ፣ ይሄ ፎቶ እኮ አንተ ሳትወለድ የተነሳ ነው! እንዴት ነው እናትህ የምትሆነው?» አለች።

ሣህሌ ሳቀ። «አውቃለሁ ልጄ። እኔ ግን የእናቴን ፊት ረስቼዋለሁ፤ የዚችም ፊት አይታይም። እስቲ እሷ አይደለችም በይኝ!»

ከዚያ ወዲህ ብዙነሽ ጠዋት ጠዋት ፎቶው ፊት ቆማ፣ «አማቴ እንዴት አደሩ? ዛሬም አልዞሩም? ኩራትዎ አይጣል ነው!» እያለች ታሾፍ ነበር። እሱም ጫማውን እያሰረ ይስቃል።

የሞተ ዕለት ከእንጦጦ ጠበል ሲመለሱ የማርያምወርቅ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የሰፈሩ ደላላ ልጅ ሠርጓ ሳምንት ሲቀረው ቀለበቷን መልሳለች አሉ። ይሄ ታልፎ የሚኬድ ወሬ ነው?

«ሣህሌ፣ እዚያች ድንጋይ ላይ ጠብቀኝ፣ መጣሁ» አለችው ብዙነሽ።

«ደክሞኛል፣ ቤት እንግባ።»

«መጣሁ አልኩህ እኮ!»

የማርያምወርቅ ቤት ገባች፤ ወሬው ጣፈጠ፣ ከወሬ ወሬ ተወለደ። ስትወጣ ሣህሌ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንቡን ተደግፎ፣ በሩን በሩን እያየ። እጁን ስትይዘው ቀዝቅዟል።

ይህን ለነፃነት እንኳን አልነገረቻትም። የማርያምወርቅም ትንፍሽ አላለች፤ ያቺ ሴት ከተፈጠረች አንድ ነገር ስትደብቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። በሠልስቱ ንጋት ብዙነሽ ፍራሹን እየዳሰሰች ተነሳች። ወደ ጥጉ ሄዳ ፎቶውን በሁለት እጇ አዞረችውና ፊቱ ተንበረከከች።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?» አለች ነፃነት ከእንቅልፏ ባንና።

«መርዶ እየነገርኩ ነው። ዝም በይ።» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «አማቴ፣ ልብዎን ያጽኑ። ሣህሌ አርፏል። ታሞ አላስቸገረም። እርስዎም ጠብቀኝ አሉት፣ እኔም ጠብቀኝ አልኩት። ሁለታችንንም ጠበቀን። እርስዎ የት እንደቀሩ አላውቅም፤ እኔ ግን እዚያው፣ ከበሩ ጀርባ ወሬ ላይ ነበርኩ።»

ነፃነት አፏን በእጇ ያዘች።

ረፋዱ ላይ ለቀስተኛው ሲገባ ካቴድራሉ ፍራሹ ላይ፣ በሟች ወገን በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የብዙነሽ ጥቁር ሻሽ ከላይ ጣል ተደርጎበታል።

«ኧረ ጉድ! በሐዘን ቤት ጌጥ?» አለች የማርያምወርቅ፤ ልታዞረው እጇን ሰደደች።

«ተያቸው» አለች ብዙነሽ። «የሣህሌ እናት ናቸው። ገና ዛሬ ነው የሰሙት። እንዴት እንደሞተም ነግሬያቸዋለሁ።»

የማርያምወርቅ እጇ አየር ላይ ቀረ። ብዙነሽን አየቻት፣ ነፃነትን አየቻት፣ ከዚያ አቀረቀረች።

ብዙነሽ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ፎቶው ጠጋ አለች፤ ለጎረቤቷ የምትበቃ ቦታ ፍራሹ ላይ ተለቀቀች።