ቶሎ የተዘጋው ማህደር

ክላርኔት ነው። ለስለስ ብሎ ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል፤ ትንፋሽ ሊሰበስብ ሲል ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንገራገጭና ጭጭ ይላል።

«ደግሞ ሞተ?» አለች እህቱ በሩ ላይ ቆማ።

ወንድሟ ከኮምፒውተሩ ዞር አላለም። ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ ባያልፍም ቤተሰቡ ለቀልድም ለኩራትም «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ሁለቱ የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠሩ ነው፤ እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ እሷ ሙዚቃውን ትነፋለች። ጨዋታው ውስጥ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ጭጋግ የዋጠውን ሐይቅ ያቋርጣል፤ ዜማው ከተቋረጠ እሱም መሃል ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያውን ቅጂ ከአባታቸው ጋር ነበር የቀረጸችው። እሷ በክላርኔት፣ አባባ በአኮርዲዮን። ያም አኮርዲዮኑ ሊገባ ሲል ቀጥ ይል ነበር። ኢንጂነሩ ዓይኑን ሳያሽ ፈረደ፦ «ፋይሉ ተበላሽቷል። አጥፊውና እንደገና ቅረጹ።»

«በስልኬ እኮ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።»

«ስልክሽ ሆደ ሰፊ ነው፣ ስህተት ይችላል። ኮምፒውተር አይምርም።»

እሱ ያውቃል ብላ አጠፋችው። አባባም «ምን ችግር አለ፣ እንደገና እንጫወታለና» አሉ። ሳይጫወቱ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አሁን ማንኪያ የሚያነሱት በሰው ነው። አኮርዲዮኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እሷ ብቻዋን ቀረጸች፤ ያም እዚያው ቦታ ላይ ሞተ።

ዛሬ ኢንጂነሩን የከነከነው ይሄ «እዚያው ቦታ» ነው። የጨዋታው ድምፅና ሥዕል ሁሉ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው አንድ ትልቅ ማህደር ውስጥ ነው። ዘፈኑን ከማህደሩ አውጥቶ ለብቻው አስጮኸው። ዘለቀ። መልሶ አስገባው። ሞተ።

ኮዱን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ማህደሩን ክፈት። ዘፈኑን አስጀምር። ማህደሩን ዝጋ።

ሦስተኛዋ መስመር ላይ ጣቱ ቆመ። የመቅዘፊያው ድምፅ አጭር ስለሆነ ኮምፒውተሩ አንዴ ውጦት ይጨርሳል። ዘፈን ግን ረጅም ነው፤ እንደ ትኩስ ሻይ ፉት እያለ ነው ከማህደሩ የሚወስደው። እሱ ደግሞ የከፈቱትን ቶሎ መዝጋት ጨዋነት መስሎት፣ ገና አንዴ ፉት እንዳለ ብርጭቆውን ይነጥቀዋል።

መዝጊያዋን መስመር ከዘፈኑ መጨረሻ በታች አወረዳትና አስነሳው። ክላርኔቱ ወጣ፣ ወረደ፣ አለቀ። ጀልባው ማዶ ደረሰ።

«እሰይ! የኔ ሊቅ!» እህቱ ትከሻውን በጥፊ አለችው። «ምኑ ነበር?»

አንዲት ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። አልወጣችለትም።

«እኔ ነኝ። ማህደሩን ቶሎ እዘጋው ነበር።»

«ቅጂውስ?»

«ቅጂው ምንም አልነበረበትም።»

«የአሁኑ?»

«ሁለቱም፣ እትዬ።»

እጇ ከትከሻው ላይ ተነሣ።

«ስልክሽ ላይ ምናልባት ሳይጠፋ የቀረ…»

«አጥፊው አልከኝ፣ አጠፋሁ።»

ከወዲያኛው ክፍል አባባ ተጣሩ፦ «እናንተ ልጆች! እስከ መጨረሻው ሄደ አይደል? ቅጂው ደህና ነው ስትሉ ሰማሁ፤ እኔ ያለሁበት ነው?»

ኢንጂነሩ አፉን ከፈተና እህቱን አያት፤ እሷ መስኮቱን ነው የምታየው።

«አልሰማ አላችሁ እንዴ? አኮርዲዮኔ የሚገባበትን መልሳችሁ አሰሙኝ እስቲ!»

እህቱ በእጇ የያዘችውን ክላርኔት ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የውጭ ጫማዋን አሰረች፤ በአባቷ በር በኩል አንገቷን ደፍታ አለፈችና ደረጃውን ወረደች።