ኦፓል ያልመለሰችው ጥያቄ

ሃርላን ቬሴል ጡረታ ከወጣ ወዲህ በዱሉት ከተማ ወደብ በኩል ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ወደ አሮጌው ቢሮው መስኮት ይሄዳል። ቢሮው ዛሬ ፀጉር ቤት ሆኗል። ለእሱ ግን አሁንም የምትታየው ኦፓል ድሬክስለር ናት፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ የፋይል ክምር ፊት ተቀምጣ።

ያኔ እሱ ጀማሪ ጠበቃ ነበር። እሷ በዕድሜ የምትበልጠው፣ ልጅ ያሳደገች ባልቴት፣ የጠበቃ ረዳት ነበረች። መጀመሪያ ላይ አልተግባቡም። ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ ጥሎ ውልቅ ይላል፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነም ሆነ እሱ የት እንደሚውል አይነግራትም። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ዓይኔን ሸፍነህ ፍጠኚ ትለኛለህ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ማሞቂያው ጥግ ተቀምጠው ሁሉንም መነጋገር ልማዳቸው ሆነ፤ ባለጉዳዩ የሚፈልገውን፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚገኙ።

በአንዱ የበረዶ ወቅት ሬኖ ኮስኬላ የሚባል የወደብ ክሬን ነጂ እጁን በአደጋ አጣና ጉዳዩን ለሃርላን ሰጠ። ከዓመታት በፊት የኦፓልን ባል ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ኦፓል ቃሉን ልትቀበል ሆስፒታል ስትደርስ አንድ የአሠሪው ኢንሹራንስ ሰውዬ ወረቀት ይዞ ቀድሟታል። ዛሬ ከፈረመ የካሳ ገንዘብ ቶሎ እንደሚያገኝ፣ እምቢ ካለ ግን ፍርድ ቤት ሲንከራተት እንደሚያረጅ ይነግረዋል። ሬኖ ወደ እሷ ዞረ።

«ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

መልሱ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን የሕግ ምክር መስጠት የጠበቃው እንጂ የረዳቱ ሥልጣን አይደለም።

«እሱን የሚነግርህ ሃርላን ነው። እስኪመጣ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለችና ወንበር ስባ በሁለቱ መሃል ተቀመጠች።

ሃርላን የዚያን ዕለት በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል። ጠዋት ነግሯት ስለነበር፣ ሐይቁ ዳር ላለው የማጥመጃ ሱቅ እንዲደወልላት ነርሷን ለመነች። ባለሱቁ በረዶውን ተሻግሮ ጠራው።

ሃርላን ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ገባ። ወረቀቱን አነበበው፤ ሬኖ ከፈረመ ወደፊት ምንም ተጨማሪ ካሳ መጠየቅ አይችልም ይላል። እንዳይፈርም ነገረው። ሰውየውም ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ጠየቃት፤ «ዝም ማለቱ አልከበደሽም?»

«ከበደኝ እንጂ። ባሌን የቀበረልኝ ሰው ነው። ባትመጣ ምን አደርግ እንደነበር እኔም አላውቅም።»

ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ ሃርላን ከጎኑ አስቀመጣት። ሬኖ ቤተሰቡን የሚያኖርበት ካሳ ተፈረደለት።

ኦፓል ስታረጅ አሪዞና ልጇ ዘንድ ሄደች። ሃርላን ጎበዝ ረዳቶች አገኘ፤ ጠዋት ጠዋት ከእነሱም ጋር ይቀመጥ ነበር። ጉዳይ ሲያሸንፍ ግን የሚደውለው ለኦፓል ነው። እሷም ስለ ፍርዱ ሳይሆን ስለ ባለጉዳዩ ጤና ነበር የምትጠይቀው። አንድ ቀን ስልኩን ልጇ አነሳችና እናቷ ማረፏን ነገረችው። ከዚያም በኋላ ብዙ ጉዳይ ረቷል፤ የሚደውልለት ሰው ግን አልነበረውም።