የእርሳስ ልጥፍ

ስሜነሽ የላምባ ምድጃውን ገልብጣ በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ያዘችና የቀለጠውን እርሳስ በማንኪያ ስንጥቁ ላይ አፈሰሰችው። እርሳሱ ጢስ ብሎ ተዘረጋ፤ ነጣ፤ ደረቀ። በጋለ ብረት ዳር ዳሩን አስተካከለችና እፍ አለችበት።

"ውበቴ! ላምባውን አምጪ።"

ውበቴ ጠርሙሱን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ባሏን ፈትታ ከጉንደ ወይን ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የስሜነሽ ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ ንግግሯ በጣም ጥቂት። ጠርሙሱን አቀበለችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ምን ያሸሽሻል?"

"ኧረ ምንም፣ እትዬ።"

ስሜነሽ ላምባውን ሞላች፤ ክዳኑን አጠበቀች፤ መንፊያውን ሃያ ጊዜ ያህል ገፋ ገፋ አደረገችና ክብሪት ጫረች። ምድጃው መጀመሪያ አነጠሰ፤ ቢጫ ነበልባል ተፋ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነና ማጓራት ጀመረ።

"አየሽው? ሞተ ብላችሁ ልትቀብሩት ነበር!" አለችና ፊቷ በራ።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት ነው። በብቸና ከተማ እየተነፋ የሚነድ የላምባ ምድጃ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። ሲበላሽ የሚጠግን ግን ከስሜነሽ በቀር አንድም ሰው የለም። ጥገናውን ማንም አላስተማራትም። ባሏ አቶ ገላው በሞጣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለ፣ ገና አዲስ ሙሽራ እያለች፣ ፋኖሷ ተበላሸባት። በወጥ ቤት ቢላዋ ፈታታችው፤ ያየችውን ሁሉ በቅደም ተከተል መደብ ላይ ደረደረች፤ መልሳ ገጠመችው፤ በራ። ከዚያ ወዲያ የከሰል ካውያ አልቀረ፣ የስፌት መኪና አልቀረ፣ እጇ ያልገባበት ዕቃ የለም።

ወደ ብቸና ሲዛወሩ ጎረቤቶቿ ይህን አይተው ጉድ አሉ። "የመሪጌታ ልጅ ቀጥቃጭ ሆነች" የሚለው ወሬ ከአጥር አጥር ዞረ። ወሬውን መጀመሪያ ያወጣችው ወይዘሮ ጥሩአየሁ ናት ይባላል። ቀን ሲሄድ ግን የእነሱም ፋኖስ ጠፋ፤ የእነሱም ካውያ እጀታው ወለቀ። ዕቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አንድ በአንድ ወደ ስሜነሽ ደጅ መጡ። በሩን ከፈተችላቸው። የተባለችውን ግን ከአንጀቷ ቋጥራ አኖረችው። የተበላሸ ዕቃ ጥላ አዲስ መግዛት ለእሷ በእነዚያ ሴቶች ፊት እጅ መስጠት ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ገላው እራት ላይ ምድጃውን እያየ፣ "ሰኞ ለችሎት ሞጣ እሄዳለሁ። አንድ ነጋዴ ዘንድ አዲስ ምድጃ አይቻለሁ፤ ይዤልሽ ልምጣ?" አላት።

"ለምን? ይኸው ይነዳ የለም?"

"ስትለጥፊው ሦስተኛ ጊዜሽ ነው።"

"አንተስ አንዱን ፍርድ ስንት ጊዜ ትደልዛለህ? የእኔ ሲሆን ነው ነውር?"

ገላው ሳቀ። ሰኞ ማለዳ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ወደ ሞጣ ሄደ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ካውያዋን ይዛ መጣች። ስሜነሽ መደቡ ላይ አስቀምጣ የካውያውን ማጠፊያ ስታላቅቅ፣ ውበቴ ከማድቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ስሜነሽ ጆሮ ጎንበስ አለች።

"እትዬ፣ ምድጃው ይተነፍሳል።"

"ይተንፍስ።"

"ልጥፉ ሥር ላምባ ያዣል። ዛሬን በእንጨት ብሠራስ?"

ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ከፍ አለ። ጥሩአየሁ ሰማች። የነጠላዋን ጥለት ወደ አፏ አስጠግታ ፈገግ አለች። ስሜነሽ ፈገግታውን አየችው። ጉንጯ ጋለ።

"ጉንደ ወይን ኩበት ስታነጂ ኖረሽ ዛሬ የምድጃ ሊቅ ሆንሽብኝ?" አለች፤ ከጥሩአየሁ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። "የሚያዣው ስላልጋለ ነው። ሂጂና ንፊው! ጠንከር አድርገሽ ንፊው፤ እዚህ ድረስ ልስማ!"

ውበቴ እጆቿን እንደገና በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ሄደች።

ሁለቱ ሴቶች መንፊያው ሲገፋ ሰሙ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ... ስሜነሽ የካውያውን ማጠፊያ እንደያዘች ጆሮዋን ጣል አደረገች። ነበልባሉ አጓራ። "ሰማሽው?" ልትል ወደ ጥሩአየሁ ዞራ አፏን ስትከፍት ማድቤቱ እንደ ጠበንጃ ጮኸ።

ደርሳ ስታይ ውበቴ ቆማ ትነዳለች። አትጮህም። እጆቿን አራግፋ እንደምትጥላቸው ሁሉ ታወናጭፋቸዋለች። ስሜነሽ እዚያው ካለው የውበቴ መኝታ ላይ ጋቢ ነጥቃ ጠመጠመችባትና አብራት መሬት ወደቀች። እሳቱ ሲጠፋ የፀጉር ሽታ ቀረ። ምድጃው ጥግ ላይ ተጋድሟል። እርሳሱ ከቦታው የለም፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

ጥሩአየሁ በሩ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ውበቴን አየች። ቀጥላ ምድጃውን አየች።

"የጠገንሽው ነው?"

ስሜነሽ የውበቴን ራስ በጭኗ ላይ እንደያዘች ቀና አለች። "ቤንዚን ጨምራበት ነው" አለች። "ጠርሙሱን አሳስታ። ወይኔ ልጄን! ስንቴ ነግሬያት!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ከእሷ ቀድሞ ጤና ጣቢያ ደረሰ። አራት ወንዶች ውበቴን በቃሬዛ ተሸክመው ሲገቡ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ቤንዚን ነው" እያለ ለሰው ያስረዳ ነበር።

ከሸዋ ተመድቦ የመጣው ድሬሰር ወጣት ነው፤ ቢሆንም ችኩል አይደለም። የተጣበቀውን ጨርቅ በመቀስ እየቀደደ አነሳ፤ ቅባት ቀባ፤ አሰረ። አንገቷና ፊቷ ግማሹ፣ ሁለት እጆቿ ደግሞ እስከ ክርኗ ተቃጥለዋል። ሲጨርስ መዝገቡን ገልጦ ወደ ስሜነሽ ዞረ።

"ቤንዚን ከየት አገኘችው?"

"ባለቤቴ ከልብሱ ቆሻሻ ሊያስለቅቅበት ያስቀመጠው ነበር።"

"እንዲህ ነው?" አለ ድሬሰሩ፤ ወደ ውበቴ ጎንበስ ብሎ። "ስሚኝ እህቴ። ቤንዚን ነው የጨመርሽው?"

ያልታሰረው ዓይኗ ተከፈተ። ድሬሰሩን አልፎ ስሜነሽ ላይ አረፈ፤ ረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ።

"እትዬ እንዳሉት ነው።"

ድሬሰሩ ጻፈ።

ወደ ውጭ ሲወጡ፣ "ዓይኗ ይተርፋል" አላት። "ጣቶቿ ግን ከእንግዲህ የሚዘረጉ አይመስለኝም።"

ስሜነሽ ማታም በማግስቱም አጥሚት እየሠራች ጤና ጣቢያ ተመላለሰች። በማንኪያ እየቀዳች አጎረሰቻት። ውበቴ እያንዳንዱን ማንኪያ ትውጣለች፤ ወደ እሷ ግን ቀና ብላ አታይም። "የልጅ ያህል ነው የምታስታምማት" አሉ ያዩዋት ሰዎች። ስሜነሽ ሰማች። ደስ እንዳላትም ታወቃት፤ በራሷም ደነገጠች።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ገላው ተመለሰ። መንገድ ላይ ነግረውታል። ኮቱን ሳያወልቅ ማድቤት ገባ፤ ምድጃውን አነሳ፤ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ወደ ሳሎን መጥቶ ሚስቱ ፊት ተቀመጠ።

"ስሜ፣ በዚህ ቤት ቤንዚን ኖሮ አያውቅም።"

"ነበረ።"

"አልነበረም።"

"እንግዲያው ሂድና ንገራቸው። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሚስት ሰው አቃጠለች በላቸው። መዝገቡንም አንተው ክፈትብኝ!"

ገላው ባርኔጣውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ። ብዙ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ በየቀኑ ይሰማል፤ ቃል ሲታጠፍ እንዴት እንደሚጻፍም ያውቃል። በመጨረሻ ባርኔጣውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለና፣ "እራት አለ?" አላት።

ዓርብ ማለዳ፣ ገላው ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት የችሎት መዝገቡን እያገላበጠ ሳለ፣ ከደጅ የሰው ሳል ተሰማ። ስሜነሽ ወጣች። አንዲት አሮጊት ደፉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። እግራቸው እስከ ባታቸው አቧራ ለብሷል።

"ወለተ ሐና እባላለሁ፣ እሜቴ። የውበቴ እናት ነኝ።"

"ይነሱ እናቴ፤ ኧረ ይነሱ! ይግቡና ይቀመጡ።"

አሮጊቷ ተነሱ፤ መደቡ ላይ ግን አልተቀመጡም። በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጢጥ አሉና ከጉያቸው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጡ።

"ከጉንደ ወይን ትናንት ሌሊት ተነስቼ ማታ ደረስኩ። ጤና ጣቢያ አደርኩ። ልጄን አየኋት።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ቤትዎን ልታቃጥልብዎ ነበር አሉኝ። ዕቃዎንም አጠፋች አሉ። ዓይነ ጥላ ይዟት ነው እንጂ ልጄ ክፉ አይደለችም። ይማሩልኝ፣ እሜቴ። ጌታው የፍርድ ቤት ሰው ናቸው አሉ፤ እንዳይከሷት።"

"ማን ይከሳታል?" አለች ስሜነሽ። "ኧረ እናቴ፣ ማንም አይከሳትም።"

"እግዜር ይስጥዎ! እግዜር ይስጥዎ!" አሮጊቷ ወደ ፊት ተሳቡና ጉልበቷን ሳሙ። "አጥሚት በእጅዎ እንዳጎረሷትም ሰማሁ። እኔ የምሰጥዎ የለኝም። ግን ጉልበት አልቸገረኝም። እሷ እስክትነሳ ሥራዎ እንዳይጎድል በእሷ ፈንታ እኔ እሠራለሁ። ፍጪ ያሉኝን እፈጫለሁ፤ ጥረጊ ያሉኝን እጠርጋለሁ። ማታ ማታ ከልጄ ዘንድ አድራለሁ።"

ስሜነሽ ዘወር ብላ ባሏን አየች። ገላው መዝገቡ ላይ አቀርቅሮ አንድ ገጽ ገለጠ፤ ያነበበው ግን አይመስልም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ ምላሷ ላይ መጥቶ ቆሟል። "እናቴ፣ ልጅዎ አላጠፋችም።" ብትለውስ? አሮጊቷ ይህን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ድሬሰሩ መዝገቡን ይገልጣል፤ ቀትር ሳይሆን ጥሩአየሁ ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች።

አሮጊቷ ቁጢጥ እንዳሉ ይጠብቃሉ።

ስሜነሽ ጎንበስ አለችና ቅቤውን ከመሬት አነሳች።

"እንስራው ከበሩ ኋላ ነው" አለች። "ምንጩ ሳይደፈርስ ድረሺ።"