ግንባሯን ስትቋጥር

የሆስፒታሉ ነርሶች አለቃ፣ ሜትሮኗ፣ አንዴ ካመነች አመነች ነው፤ በሬ ወለደ ካለች ጥጃውን ፈልጎ ማምጣት ያንተ ፋንታ ነው። ያመነችው ደግሞ ሮቴሽንን ነው። ነርስ በየስድስት ወሩ ክፍል ካልቀየረ ይሻግታል ባይ ናት።

ጉልቤን ግን በሰው እጥረት ረስታው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ ክፍል ሁለት ዓመት ከረመ። ጉልቤ በር የሚያክል ነርስ ነው። የመጣ ሰሞን እናቶቹ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ልጄን እንዳይነካብኝ!» ይሉ ነበር። አሁን ኪሎ ያልሞላች ልጅ መዳፉ ላይ ስትተኛ አልጋ የተነጠፈላት ነው የምትመስለው።

ታዲያ ሜትሮኗ አስታወሰችውና ወደ ዓይን ክፍል መደበችው።

«እትዬ፣ እኔ ስለ ዓይን ምን አውቄ?»

«ትማራለህ።»

«እዚህስ?»

«የምትተካህም ትማራለች። ክፍሉ የአባትህ ርስት አይደለም።»

«እሺ» ብሎ ሄደ። እሺታው ስለፈጠነ ጠርጥራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እጇን ታጥባ ማሞቂያ ክፍል ገባች። አዲሷ ነርስ አንዱን ሕፃን በቱቦ ወተት ትሰጣለች። ማሞቂያዎቹ ላይ ግን ጉልቤ ለየሕፃኑ ቅጽል ስም አውጥቶ የጻፈው፣ ዶሮ የጫረው የመሰለ ጽሑፍ ተለጥፏል። «ጠበቃው፦ ያለ ምክንያት አይጮህም፣ ዳይፐሩን እዩለት።» ፈገግ ልትል ስትል ሁለተኛውን አነበበች።

«ሜትሮን፦ ትንሽ ናት፣ ቁጣዋ ግን ክፍሉን ይሞላል። ግንባሯን ስትቋጥር መተንፈስ ልትረሳ ነው። የማሽኑን ጩኸት አትጠብቁ፣ ውስጥ እግሯን ቸብ ቸብ!»

«ይሄ ባለጌ!» ወረቀቱን ልትገነጥል እጇን ሰደደች። ያኔ ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች።

ሜትሮኗ ማሽኑን አየች፤ ጸጥ። የልጅቷን ደረት አየች፤ እሱም ጸጥ። እጇን በማሞቂያው መስኮት አስገብታ እግሯን ቸብ አደረገች። ምንም። ደገመች። ልጅቷ አየር ሳበችና አለቀሰች። ማሽኑም ሌባው ካመለጠ በኋላ እንደሚነቃ ዘበኛ መጮህ ጀመረ።

አዲሷ ነርስ ደንግጣ «ምን ሆነች?» አለች።

«ረስታ ነው።» ሜትሮኗ ላቧን ጠረገች። የመጨረሻው ማሞቂያ ጋ ስትደርስ ቆመች። «የዚህስ ወረቀቱ የታል?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የተወለደው። ጉልቤ አላየውም።»

ሜትሮኗ ሕፃኑን ብዙ አየችው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምስጢሩን ይዞ ተኝቷል። ስንቱን ነርስ ገና እጁ ሲፈታ ከዚህ ክፍል እንደነቀለች ልትቆጥር ጀምራ ተወችው።

ዓይን ክፍል ስትደርስ ጉልቤ አንድ ሽማግሌ ፊደል ያስቆጥራል።

«ተነስ፣ ወደ ቦታህ።»

«ሮቴሽኑስ እትዬ?»

«እዚያ ክፍል ከእንግዲህ የለም። ያቺንም አዲስ ነርስ እጇ እስኪፈታ አንተው ታሠራታለህ፣ እሷም አትነቀልም።»

«እዚህስ ማን ይቀራል?»

«ሰው እፈልጋለሁ። እኚህ አባት መተንፈስ አይረሱም።»

«ተመስገን ነው፣ እስካሁንስ አልረሳሁም» አሉ ሽማግሌው።

ጉልቤ ተመልሶ እጁን ታጠበ።

«ይሄኛው ምን ዓመል አለው?» አለችው ሜትሮኗ አዲሱን ሕፃን እያሳየችው።

«እኔ ምኑን አውቄ እትዬ? ገና ልተዋወቀው ነው» አለና ማሞቂያው አጠገብ ሁለት በርጩማ ስቦ፣ አንዱን ለአዲሷ ነርስ ገፋላት።