ከብየዳ በኋላ የሚቀር ነጥብ

ስምንቱን ምስሎች በተነሱበት ሰዓት ቅደም ተከተል ስትደረድራቸው፣ ጋላክሲ ናት ያለቻት የብርሃን ነጥብ ከአንዱ ወደ ሌላው እየደበዘዘች ሄደች። ተመራማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች። ያው ነው። ጋላክሲ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይደክምም፤ እንኳን በአንድ ሰዓት፣ በሺህ ዓመትም አይደክምም።

የቴሌስኮፑን መዝገብ ከፈተች። የራሷን ምስሎች ድሮውንም አንድ በአንድ አጣርታለች። ከእሷ ተራ በፊት ሌላው ምን ሲያይ እንደነበር ግን ጠይቃ አታውቅም፤ የሰው ሥራ ነዋ። አሁን ፈለገች። ከተራዋ ስድስት ደቂቃ በፊት ሌላ ቡድን በዚያው ካሜራ አንድ እጅግ ደማቅ ኮከብ አይቷል። ምስሉን አውርዳ በራሷ ላይ ደረበችው። ኮከቡ ያረፈበትና ነጥቧ ያለችበት ቦታ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ኢንፍራሬድ ካሜራ እንዲህ ነው፤ ደማቅ ነገር ካየ ምልክቱ ቶሎ አይለቀውም።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአቧራ ተሸፍና አዳዲስ ኮከቦችን ትወልዳለች ያለቻት ሩቅ ጋላክሲ የሌላ ሰው ኮከብ ርዝራዥ ነበረች። በተራ ቴሌስኮፕ አለመታየቷ እንኳ "አቧራዋ ስለበዛ ነው" ተብሎ ማስረጃ ሆኖላት ነበር። ጉድ ነው።

አለቃዋን ጠራችው። ምስሎቹን ቆሞ አየ፤ ከዚያ በሩን ዘጋ።

"ለማን ነገርሽ?" አለ።

"ለእርስዎ ብቻ።"

"እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ስለ ነጥቧ የጻፍነው ሐሙስ በመጽሔቱ ይወጣል፣ የቋሚ ቅጥርሽ ጉዳይ ዓርብ ይታያል። ኮሚቴው ከዚህች ነጥብ ሌላ ያንቺን ምን ያውቃል?"

"ሌሎች ፈልገው ቢያጧትስ?"

"ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ስንቱ ተሳስቶ ፕሮፌሰር ሆኗል እባክሽ!" ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣለትም። "የኔም ስም አለበት እኮ። ልለምንሽ?"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እግሯም ወደ አባቷ ብየዳ ቤት ወሰዳት።

ቤቱ ሥራ ካቆመ ዓመት አልፎታል። አባቷ ግን ጠዋት ጠዋት ከፍቶ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ የት ይሂድ? ሠላሳ አምስት ዓመት ሲበይድ፣ "አንዴ ብቻ" እያለ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ የሚያየው እሳት የዐይኑን መሃል አቃጥሎታል። ዳር ዳሩን ያያል፣ ፊት ለፊቱን አያይም። ሰው ሲያናግር አንገቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ የማያውቁት የናቃቸው ይመስላቸዋል።

ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ የነጥቧ ምስል ተሰቅሏል። የብረት ፍሬሙን የበየደው ራሱ ነው፤ የመጨረሻ ሥራው ነበር፣ ማዕዘኑ ጠማማ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ እጁን እየጎተተ አስገብቶ አሳይቷል። "ልጄ ያገኘቻት ናት" ይላል አፉን ሞልቶ፤ የቱ ጋ እንዳለች ግን በጣቱ ማሳየት አይችልም።

"በቀትር ምን እግር ጣለሽ?" አላት በኮቴዋ ለይቷት።

አጠገቡ ተቀመጠች። "አባዬ፣ እሳቱን ካየህ በኋላ ዐይንህ ላይ የሚቀረው ነጥብ ምን ያህል ይቆይ ነበር?"

"ድሮ አስር እስክቆጥር። ኋላ ኋላ እስኪመሽ። አሁንማ ይኸው፣ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል፤ ሚስት ሆነኝ።" ሳቀ።

"ካሜራውም እንደዚያው ነው" አለችና የቀረውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "ነጥቡ እስኪለቀው ሳትጠብቂ ነው ያየሽው?"

"ሳልጠብቅ።"

"ሥራሽስ?"

"ከተናገርኩ ይቀራል።"

"እንግዲያው አትናገሪያ!" ጉልበቷን ጨበጠ። "እኔስ ለማን ተናገርኩ? የመጨረሻውን ዓመት በእጄ እየዳበስኩ ነው የበየድኩት። የትምህርት ቤቱን የደረጃ መደገፊያ መያያዝ አለመያያዙን አላየሁትም። ቀለም ቀባሁት፣ አማረ፣ ወሰዱት። ይኸው ዝም ብዬ እየኖርኩ አይደል?"

ማጽናናቱ ነበር። ነገሩ ካፉ ከወጣ በኋላ ግን ራሱም ገና የሰማው መሰለ፤ እጁን ከጉልበቷ ላይ አነሳ።

ደረጃውን ታውቀዋለች፤ እሷም የተማረችበት ነው። ሦስት ፎቅ። ሲደወል ልጆቹ ባንድ ጊዜ ይግተለተሉና መደገፊያው ላይ ይንጠለጠላሉ። በአባቷ ተናደደች፤ አንጀቷንም በላት።

ስልኳን አውጥታ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጻፈች። ሦስት መስመር በቃት፤ ነጥቧ ጋላክሲ አይደለችም፣ ካሜራው ላይ የቀረ ርዝራዥ ናት፣ ጽሑፉን አታውጡት። ላከችው።

"ምን አደረግሽ?"

"ተናገርኩ።"

አባቷ ሊያያት አንገቱን ወደ ጎን አዞረ። የሁለት ዓመት ድካሟን ውሃ በላው፤ ከዓርብ በኋላ ሥራም የላትም። እንባዋን አልደበቀችውም፤ ቢያየውም ባያየውም።

ከዚያ ተነሳችና ከምስሉ ሥር ከተሰቀሉት ዕቃዎች ትንሿን መዶሻ አወረደች። ድሮ ብረቱን መታ መታ እያደረገ፣ የያዘውን ካልያዘው በድምፁ የሚለይባት መዶሻ ናት። እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ምን ላድርጋት?"

"ተማሪዎቹ ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?"

መዶሻዋን ዳበሳት። "ዘጠኝ ተኩል" አለ።

"ከመውጣታቸው በፊት መደገፊያው ጋ እንደርሳለን።"

"ሳይያዝ ቀርቶ ቢገኝስ? ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራሁበት ስሜስ?" ድምፁ ድንገት የሽማግሌ ሆነ።

"ተነስ አባዬ" አለችና ጫማውን ፈልጋ እግሩ ሥር አቀረበችለት።