የአያቱ አፍንጫ

ነርሷ ጓንቷን ስታጠልቅ ልብስ አጣቢዋ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ያዘች።

«አያምም» አለቻት ነርሷ። «ጉንጭዎን በውስጥ በኩል በዚህ ጥጥ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው። ከጦር ሜዳ የመጣው አፅም የብዙ ሰው ስለሆነ፣ የልጅዎን የምንለየው በምራቅዎ ነው። ካልገጠመ ማንነታቸው ካልታወቀ ሰዎች ጋር ይቀበራል።»

እንደማይገጥም ታውቃለች። አልወለደችውማ! ድሮ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ አንዲት ዘመድ አልባ ወላድ ሞታ ሕፃኑ ቀረ፤ እሷም ከባሏ ጋር ተማክራ በፎጣ ጠቅልላ ይዛው መጣች። ሩቅ ለነበሩት አማቷ «ወለድን» ብለው ላኩባቸው። ባሏ ምስጢሩን ይዞ ሞተ። አሁን ምራቅ ሲፈለግባት አፏ ክው ብሎ ደርቋል።

አማቷ ደግሞ ሶፋው ላይ ተደላድለው ዘር ይቆጥራሉ።

«ቅድመ አያቱ ወታደር፣ አያቱ ወታደር! ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ አፍንጫውን አየሽልኝ? ቁርጥ አያቱን! ግትርነቱም የእኛው ነው። የኤሌክትሪክ ሥራውን ጥሎ ሲዘምት አልቅሰን ብንለምነው እምቢ አለ። የሞተውም የቆሰለ ጓደኛውን ላንሳ ብሎ ተመልሶ ነው።»

«የራሱ ዕቃ ቢገኝስ?» አለች አጣቢዋ በቀጭን ድምፅ።

«ፀጉር ያለበት፣ ያልታጠበ ነገር ካለማ በጣም ጥሩ!» አለች ነርሷ።

ያልታጠበ! መርዶው የመጣ ለት እጇ ሌላ ሐዘን ስለማያውቅ ሸሚዙንም፣ አንሶላውንም፣ ማበጠሪያውን ሳይቀር በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ አጥባለች። ልጇን በገዛ እጇ አጥባ ጨረሰችው። አሁን ዝም ብትል ልጁ ያለ ስም ሊቀበር ነው፤ ብትናገር ደግሞ አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን ሁለተኛ ሊቀብሩ ነው።

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

አማቷ አላስጨረሷትም። ተነስተው እያዘገሙ ወደ መኝታ ቤት ገቡና በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዘው ተመለሱ። የልጁ የሱፍ ኮፍያ ነው።

«ይሄን ሰርቄሻለሁ። አንቺ እጅ ከገባ ጠረኑም አይተርፍ» አሏት። ወደ ነርሷም ዞረው «ፀጉሩ እዚህ ላይ አለልሽ። የሷም የኔም ምራቅ አይረባሽም» አሉ።

አጣቢዋ የምትገባበት ጠፋት። «እማማ... ያውቁ ነበር?»

«አራስ ልጠይቅ ብመጣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክመሽ ደረጃ ስትወጪ አላገኘሁሽም? ዘር ስቆጥር የኖርኩት ለምን መሰለሽ? ማንም አፉን ከፍቶ እንዳይጠይቅሽ ነዋ!»

አጣቢዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ነርሷ ኮፍያውን በጥንቃቄ ተቀበለቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንግዲህ በሥጋ አይዛመዱም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች።

አሮጊቷ ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው በመዳፋቸው ጠረጉት።

«ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው» አሉ። «አፍንጫው ግን የአያቱ ነው።»