የግራ እግሬ ልክ

ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ይፈላል። የሰደበኝን እሰድበዋለሁ፤ የመታኝንም አልለቀውም። ለሚያዝንልኝ ሰው ግን ምን መልስ አለ? የሰርቦው ቡና ማህበር ኃላፊ ኦቦ ፈይሳ ሥራውን የከለከሉኝ አዝነውልኝ ነው።

ሥራው በየገበሬው ማድረቂያ አልጋ እየዞሩ የቡናውን እርጥበት መለካት ነው። መለኪያውን ከማንም የተሻለ አውቀዋለሁ፤ በተበላሸባቸው ቁጥር የጠገንኩላቸው እኔ ነኝ። ኦቦ ፈይሳ ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ «አኒስ ልጄ፣ መንገዱ ብዙ ነው። ለአንተው ብለን ነው» አሉኝ። ሕፃን ሳለሁ ፖሊዮ ስላቀጠነው ግራ እግሬ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«እስከ ሰኞ ለሌላ ሰው አይስጡብኝ» አልኳቸው። «ከጅማ እዚህ ድረስ ማንም ሳይደግፈኝ እመጣለሁ። ከዚያ ይወስኑ።»

«እሺ ልጄ፣ እስከ ሰኞ» አሉ፣ አሁንም ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው።

የተማመንኩት የአክስቴ ልጅ ነጅላ ከዱባይ በላከችልኝ ባለ አንድ ጎማ ነበር። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። መሪ የለው፣ ወንበር የለው፤ ጎማውን በእግሮችህ መሃል አድርገህ ግራና ቀኝ ባለው መርገጫ ላይ ትቆማለህ። ወደ ፊት ስታዘነብል ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ስትል ፍሬን ይይዛል። በእጅህ የምትጨብጠው ነገር ስለሌለ መያዣህ ቅልጥምህ ነው። በሁለቱም እግርህ እኩል ጥብቅ አድርገህ ካልያዝከው ይጥልሃል። ለዚህ ነው ግራና ቀኙ ላይ ቅልጥም የሚደገፍበት ትራስ የሚለጠፍበት። የእኔ ያለ ትራስ መጣ።

ጅማ መርካቶ ውስጥ የባጃጅ ወንበር በማልበስ እትዬ ወርቂቱን የሚስተካከል የለም። ሐሙስ ሄድኩና ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ግድግዳውን ይዤ መርገጫው ላይ ቆምኩላት። በሜትሯ ለካች፣ በጠመኔ ምልክት አደረገች። አርብ ስመለስ ሁለቱ ትራሶች በማስቲሽ ተለጥፈው ጠበቁኝ። ቀይ ሌዘር፣ ጥርት ያለ ስፌት፣ ቁርጥ መንታ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ወጣሁ። ሜዳው ላይ፣ ወላሂ፣ በረርኩ። ሰርቦ ከመድረሴ በፊት ያለው ቁልቁለት ላይ ግን ፍጥነት ልቀንስ ወደ ኋላ ስል ቀኝ እግሬ ትራሱን አገኘ፣ ግራው አየር አገኘ። ጎማው ተጠማዘዘ፣ እኔም አስፋልቱ ላይ ተነጠፍኩ። መዳፎቼ ተላጡ። ይህ ምንም አይደለም። አንድ አይሱዙ ቆመና ሦስት ሰዎች «አይዞህ የኔ ወንድም» እያሉ እንደ ቡና ጆንያ ተሸክመው ከነጎማዬ ላዩ ላይ ጫኑኝ። እስከ ጅማ ድረስ ከንፈር ሲመጠጥልኝ መጣሁ።

በቀጥታ ወርቂቱ ጋ ሄድኩ።

«ምንድን ነው ይሄ? ግራው ለምን ሰፋ?»

«ሁለቱም እኩል ናቸው» አለች፣ ትራሱን እየዳበሰች።

«እግሬስ እኩል ነው? ግራውን ለክተሽዋል?»

«አልለካሁትም» አለች። «እንዴት ብዬ ነው ያንን እግር አውጣ የምልህ? ነውር አይደለም?»

«ነውር! አንቺም እንደ ኦቦ ፈይሳ! ይሄ ከተማ በሐዘኔታ ሊገድለኝ ነው! እግሬን አይታችሁ ብትስቁብኝ በስንት ጣዕሙ!»

የጎረቤት ባለሱቆች ብቅ ብቅ አሉ። ወርቂቱ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«አትጩህብኝ! ሐሙስ ስትመጣ የትኛውን ሱሪህን ነው የሰበሰብከው?»

ሱሪዬን ቁልቁል አየሁ።

«ቀኙን ብቻ! ግራውን እስከ ጫማህ ሸፍነህ ነው የቆምከው። ልለካ ብሎ የመጣ አንተ፣ የደበቀ አንተ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

እውነቷን ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በሙቀት በዝናብ፣ ከረጅም ሱሪ ወጥቼ አላውቅም። ለካ እኔም ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ነው የኖርኩት።

ግራውን እስከ ጉልበቴ ገለጥኩት። «ለኪ» አልኳት። እንደ ስድብ ነው ከአፌ የወጣው።

ለካች። ክፍተቱ አራት ጣት ነው። አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ቆራርጣ፣ ደራርባ፣ አጣብቃ የግራውን ትራስ አወፈረችው። ያበጠ ጉንጭ መሰለ።

«አያምርም» አለች።

«አይመር!»

«ደግሞ ሱሪው ሌዘሩ ላይ ያንሸራትትሃል። ሱሪ ከሌለ ቆዳህ ነው የሚይዘው። ሁለቱም።»

ሰኞ ጠዋት ቢስሚላሂ ብዬ ቁምጣ ለበስኩ። ቁምጣ ስለብስ የመጀመሪያዬ ነው። መርካቶን ሳቋርጥ የባጃጅ ሾፌሮች አንገታቸውን አወጡ። አንዱ «ኢላላ! ኢላላ!» ብሎ ጓደኞቹን እዩት አላቸው። አዎ፣ እዩት! ፊቴ ይነድዳል፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ግን አልቆምኩም። ቁልቁለቱ ላይ ወደ ኋላ አልኩ። ግራ እግሬ ትራሱን አገኘው፣ ያዘው፣ ያዘኝ። እየተንደረደርኩ ሳይሆን ፍሬን እየያዝኩ፣ በልኬ፣ ወረድኩ።

ኦቦ ፈይሳ ከቢሮአቸው ደጃፍ ወጡ። «መጣህ ልጄ? ጎበዝ፣ ጎበዝ» አሉ፣ የጣሪያውን ክፈፍ እያዩ። «ግን እኮ እኛ ለአንተው...»

«ኦቦ ፈይሳ፣ ወደ ታች ይመልከቱ» አልኳቸው። «ግራው ነው። ቀጭን ነው። አይተውት ይንገሩኝ፤ ሥራው ይገባኛል ወይስ አይገባኝም?»

አንገታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። አዩት። ገብተው መለኪያውን ይዘው ወጡና እጄ ላይ አኖሩት። ዓይናቸው ግን አሁንም እግሬ ላይ ነበር። አይተው እስኪጠግቡ ቆምኩላቸው።